«ለባሌ የልብ ምርመራ 2,640 ዶላር ተባልን፤ ጓደኛው ግን በ60 ዶላር ነው የተገላገለው»

ጥያቄ፦

ሰላም ለዚህ ዓምድ አዘጋጅ። የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድርያ ነው። ባለቤቴ 52 ዓመቱ ነው፤ ኡበር ይሠራል። ከኦገስት ወዲህ ደረጃ ሲወጣ ወይም የተሳፋሪ ሻንጣ ሲያነሳ ደረቱን ጭምድድ ያደርገዋል። ቆም ሲል ይተወዋል። ለምኜ ለምኜ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ኢኬጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ደህና ነው ተባለ። የልብ ሐኪሙ ግን ሆስፒታል ሄዶ ኒውክለር ስትረስ ቴስት፣ ልብ ሲሠራ የሚታይበት የጨረር ምርመራ፣ እንዲነሳ አዘዘለት። ባለፈው ሳምንት ከሆስፒታሉ ደውለው «የእናንተ ድርሻ 2,640 ዶላር ነው፤ ከቀኑ በፊት ግማሹን ብትከፍሉ ይመረጣል» አሉን። ኢንሹራንስ እኮ አለን! ከማርኬትፕሌስ፣ መንግሥት ካዘጋጀው የኢንሹራንስ ገበያ፣ የገዛነው ብሮንዝ የሚባለው ደረጃ ነው። ዲዳክቲብሉ፣ ኢንሹራንሱ መክፈል ከመጀመሩ በፊት ከኪሳችን የምንሞላው፣ 5,000 ዶላር ሲሆን ዘንድሮ አልነካነውም ማለት ይቻላል። የባሌ ጓደኛ የከተማ አውቶቡስ ነጂ ነው። ይህንኑ ምርመራ በ60 ዶላር ተገላገለ። ሜሪላንድ ያለች ዘመዴ ደግሞ ማሽን ላይ ሮጣ ከ200 ዶላር በታች ከፈለች። ባሌ አሁን «ለገና አዲስ አበባ ስንሄድ በርካሽ አሠራዋለሁ» ይላል። ሁለት ልጆች አሉን። ትክክለኛው ዋጋ የትኛው ነው? መደራደርስ ይቻላል? እሱንስ ምን ልበለው?

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው 2,640ው ላይ አይደለም። «ደረጃ ሲወጣ ጭምድድ ያደርገዋል፣ ቆም ሲል ይተወዋል» ያልሽው ላይ ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ እንጀራዬ የሕክምና ቢል ነው። ግን የልብ ሐኪሞች ቢሮ ለሠራ ሰው ይህ አነጋገር አዲስ አይደለም። የልብ ደም ሥር ሲጠብ ብዙ ጊዜ የሚናገረው እንዲህ ነው። ዕረፍት ላይ ሲሆን የተነሳው ኢኬጂ ደህና መሆኑም ነገሩን አይዘጋውም። ችግሩ የሚመጣው ልቡ ሲሠራ ነውና።

ምንም ሳያመው «እስቲ ልቤን ልታይ» ብሎ ይህን ምርመራ የሚጠይቅ ሰው አለ። ለእሱ መልሴ ሌላ ነው። የአሜሪካ የልብ ሐኪሞች ኮሌጅ ራሱ በ2012 ምልክት ለሌለውና ለልብ ሕመም ብዙም ላልተጋለጠ ሰው የልብ ምስል ያለበት ስትረስ ቴስት አትዘዙ ብሏል። ባልሽ ግን ከዚያ ወገን አይደለም። ስለዚህ ጥያቄው «ይነሳ ወይስ ይቅር» አይደለም። የት ይነሳ፣ የትኛውን ይነሳ ነው።

አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ቁጭ ብሎ ካመመው፣ ቆም ሲል መተው ካቆመ፣ ወደ ክንዱ ወይም ወደ መንጋጋው ከሄደ፣ ላብ ካጠመቀው፣ 911 ደውሉ። ራሱ እየነዳ እንዳይሄድ። ከ1986 ጀምሮ ባለው ሕግ ድንገተኛ ክፍል ኢንሹራንስም ገንዘብም ሳይጠይቅ አይቶ የማረጋጋት ግዴታ አለበት። ቢሉ በኋላ ይመጣል፤ ከቢል ጋር መታገያ መንገድ አይጠፋም።

አሁን ወደ ገንዘቡ።

በዚህ አገር የአንድ ምርመራ ዋጋ የሚባል አንድ ቁጥር የለም። ሆስፒታሉ በወረቀት የሚጠራው አለ፤ ያንን ማንም አይከፍለውም ማለት ይቻላል። ኢንሹራንሱ ተደራድሮ ያወረደው አለ። ከዚያ ውስጥ ደግሞ ከእናንተ ኪስ የሚወጣው አለ። የባልሽ ጓደኛ የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ ስላለው 60ዋ ኮፔይ ናት፤ በየአገልግሎቱ የምትከፈል የተወሰነች ድርሻ ማለት ነው፤ የቀረውን ኢንሹራንሱ ከፍሎታል። ምርመራው በ60 ዶላር አልተሠራም። እናንተ ግን 5,000ው እስኪሞላ ድረስ የተደራደረውን ዋጋ ሙሉ በሙሉ የምትከፍሉት ራሳችሁ ናችሁ። ስለዚህ የደወለችላችሁ ሴትዮ አላታለለቻችሁም። 2,640 ማለት ኢንሹራንሳችሁና ያ ሆስፒታል የተስማሙበት ሙሉ ዋጋ ይመስላል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝን እዚሁ ልመልስ። «ቼክአፕ በነፃ አይደለም እንዴ?» ይላሉ። ሕጉ ያለ ክፍያ እንዲሰጡ ካዘዛቸው የመከላከያ ምርመራዎች ውስጥ ስትረስ ቴስት የለበትም። የደም ግፊት መለካት አለ፣ የአንጀት ካንሰር ምርመራ አለ፤ ይህ የለም።

ሙሉውን ራሳችሁ መክፈላችሁ ያናድዳል፤ ግን አንድ ጥቅም አለው። የአውቶቡስ ነጂው የትም ቢነሳ 60 ነው፤ ዋጋ ማወዳደር ምንም አይጠቅመውም። እናንተ ግን ቦታና ዓይነት ብትቀይሩ የሚወርደው ገንዘብ በሙሉ የእናንተ ነው።

መጀመሪያ ዓይነቱን እንይ። ስትረስ ቴስት ሲባል ቢያንስ ሦስት የተለያየ ምርመራ ነው።

ርካሹ ተራው የትሬድሚል ምርመራ ነው። ደረቱ ላይ ሽቦ ይለጠፍና ማሽኑ ላይ ይወጣል። ብዙ ቦታ የሚሠሩበት አካሄድ በሰዓት 1.7 ማይል ይጀምራል፤ ቀርፋፋ ነው፣ ግን ገና ከመጀመሪያው 10 በመቶ ዳገት ነው። በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል። የልብ ምቱ ከ220 ላይ ዕድሜ ተቀንሶ የሚገኘው ቁጥር 85 በመቶ እስኪደርስ ይጠብቃሉ። ለ52 ዓመት ሰው ወደ 143 ነው። በሐኪም ቢሮ ሁሉን አንድ ላይ ይዞ የሚሞላው የቢል ኮድ 93015 ነው። ሜዲኬር፣ በተለይ ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ለዚህ የሚከፍለው ከ100 ዶላር በታች ነው። የግል ኢንሹራንሶች ከዚያ ከፍ ያደርጋሉ፤ ቢሆንም በሐኪም ቢሮ ከተሠራ የመቶዎች ጉዳይ ነው። ዘመድሽ የከፈለችው ይህን ነው። «ማሽን ላይ ሮጣ» ብለሽ ጽፈሽልኛልና።

ሁለተኛው ስትረስ ኢኮ ነው። ከሩጫው በፊትና ወዲያው በኋላ ልቡን በአልትራሳውንድ ያዩታል። ኮዱ 93350 ወይም 93351 ነው። ጨረር የለውም። ዋጋው መሃል ላይ ነው።

ሦስተኛው ለባልሽ የታዘዘው ነው። በደም ሥር ትንሽ የጨረር ንጥረ ነገር ይሰጡትና ካሜራ ሥር አስተኝተው የልቡን ደም አወራረድ ሁለት ጊዜ ያነሳሉ፤ አንዴ ዐርፎ፣ አንዴ ልቡ ተሯሩጦ። መሮጥ የማይችል ሰው ልብን እንደሮጠ የሚያደርግ መድኃኒት ይወጋል። ሦስት አራት ሰዓት ይፈጃል። ኮዱ 78452 ነው። ውዱ ይህ ነው፤ ካሜራው፣ ንጥረ ነገሩ፣ መድኃኒቱ፣ አንባቢው ሐኪም ሁሉም ይከፈልባቸዋልና።

ታዲያ ለምን ውዱን አዘዘ? ይህን ሐኪሙን ጠይቁት። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ሐኪሞቹም ለምደውታል። «ባለቤቴ መራመድ ይችላል፣ ኢኬጂው ደህና ነው ብላችሁናል፣ ዲዳክቲብላችን 5,000 ነው። ተራው የትሬድሚል ምርመራ ወይም ስትረስ ኢኮ ለእሱ ይበቃዋል?» በይው። አንዳንዴ መልሱ «አዎ፣ ይበቃል» ይሆናል። አንዳንዴ ደግሞ በቂ ምክንያት አለው። ስኳር ካለበት፣ ቤተሰቡ ውስጥ የልብ ሕመም ካለ፣ ሐኪሙ የመጥበብ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው ብሎ ካመነ፣ ጉልበቱ ዳገቱን የማይችል ከሆነ፣ ኢኬጂው ላይ ንባቡን የሚያዛባ ነገር ካለ፣ ምስል ሊያስፈልግ ይችላል። እንደዚያ ከሆነ አትከራከሪ። ርካሹን ተነስቶ «ግልጽ አይደለም» ተብሎ ውዱን ደግሞ ቢነሳ ሁለቱንም መክፈላችሁ ነው።

ሐኪሙ «ኒውክለሩ ነው የሚያስፈልገው» ካለ ቀጣዩ ጥያቄ የት የሚለው ነው። ብዙ ገንዘብ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው የማይጠይቀውም ይህንኑ ነው።

አንድ ቢራ ግሮሰሪና ትልቅ ሆቴል ውስጥ ዋጋው አንድ አይደለም። ይህም እንደዚያ ነው። ያው ካሜራ፣ ያው ንጥረ ነገር፣ አንዳንዴም ያው ሐኪም፤ ግን ምርመራው በግል የልብ ሐኪም ቢሮ ሲሆንና በሆስፒታል ስም ሲሆን ዋጋው ይለያያል። ሆስፒታሉ ፋሲሊቲ ፊ የሚባል የቦታ ክፍያ አለው። መንግሥት ራሱ ሲከፍል እንኳን ልዩነቱ ይታያል። ሜዲኬር ለ78452 በሐኪም ቢሮ ከንጥረ ነገሩ ሌላ ከ500 ዶላር በታች ነው የሚከፍለው። ሆስፒታል ሲሆን ለቦታው ብቻ ከ1,200 ዶላር በላይ ይሄዳል፤ የሐኪሙ የማንበቢያ ክፍያ ከዚያ ሌላ ነው። ሜዲኬር እንዲህ ከሆነ በግል ኢንሹራንስማ ልዩነቱ ሊሰፋ እንደሚችል ገምቺ።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሕንፃው ሆስፒታል ስላልመሰለ ብቻ የሐኪም ቢሮ ነው ማለት አይደለም። ከገበያ ማዕከል ጎን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ትንሽ ክሊኒክ ሆስፒታል ገዝቷት ሊሆን ይችላል። በር ላይ የሆስፒታሉ አርማ ካለ ጠርጥሪ። ቢሉ በሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል ስም ከሄደ ዋጋውም የሆስፒታል ነው። ስለዚህ ስትደውይ «ሐኪም ቢሮ ነው ወይ?» አትበይ፤ ሁሉም አዎ ይልሻል። «ቢሉ የሚሄደው በሐኪም ቢሮ ነው ወይስ በሆስፒታል ተመላላሽ ክፍል? ፋሲሊቲ ፊ አለው?» በይ።

ስልኩን በዚህ ቅደም ተከተል ብትይዥው ይቀልሻል። መጀመሪያ የልብ ሐኪሙ ቢሮ ደውለሽ የታዘዘውን ኮድ በቁጥር ተቀበይ። «ኒውክለር» ብቻ አይበቃም። ከዚያ የኢንሹራንስ ካርዱ ጀርባ ላይ ያለው ቁጥር ጋ ደውይ። «ኮዱ 78452 ነው። በኔትወርካችን ውስጥ ሆስፒታል ያልሆነ የት ይሠራል? በእያንዳንዱ ቦታ ከእኛ ኪስ የሚወጣው ስንት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። ኔትወርክ ማለት ኢንሹራንሱ የተዋዋላቸው ሐኪሞችና ሆስፒታሎች ናቸው። ይህን የመንገር ግዴታ አለባቸው። ከ2024 ጀምሮ ኢንሹራንሶች ለሚሸፍኑት አገልግሎት ሁሉ ዋጋ ማነጻጸሪያ በድረ ገጻቸው ማኖር አለባቸው፤ በስልክም ይነግራሉ። ያነጋገረሽን ሰው ስምና የጥሪውን ቁጥር ጻፊ። በኋላ «ማን አለሽ?» ይሉሻል።

እንግሊዝኛው ከከበደሽ ገና ስልኩን ሲያነሱ «አማርኛ አስተርጓሚ» በይ። በነፃ ነው። ሆስፒታሎችም ኢንሹራንሶችም የፌዴራል ገንዘብ የሚነካቸው እስከሆኑ ድረስ ማቅረብ አለባቸው። ልጅሽን ስለ ኢንሹራንስ ክፍያ እንዲተረጉም አታስቀምጪው። ይህን ስንት ቤት አይቻለሁ።

ቦታ ከቀየራችሁ አንድ ነገር እንዳትረሱ። ለኒውክለር ብዙ ኢንሹራንሶች ቅድመ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለተወሰነ ኮድና ለተወሰነ ቦታ ነው። ለሆስፒታሉ የተሰጠው ፈቃድ ሌላ ቦታ ላይሠራ ይችላል። የሐኪሙ ቢሮ በአዲሱ ቦታ ስም እንደገና እንዲያስፈቅድ ንገሯቸው፤ ቁጥሩንም ተቀበሏቸው። ያለዚያ ኢንሹራንሱ አልከፍልም ይልና 2,640ው ራሱ ይናፍቃችኋል።

ስለ ሜሪላንድ ትንሽ ልበል፤ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ ያለው ሥርዓት ከእናንተው ይለያል። ሜሪላንድ ውስጥ የሆስፒታል ዋጋ የሚወስነው የክፍለ ግዛቱ ኮሚሽን ነው። ኮሚሽኑ በ1971 የተቋቋመ ነው። እዚያ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ለአንድ ዓይነት አገልግሎት ሁሉም ከፋይ የሚጠየቀው በአንድ ታሪፍ ነው፤ የግል ኢንሹራንስም ሜዲኬርም። የሐኪሙ ክፍያ ግን በዚህ ውስጥ የለም። ቨርጂኒያ እንዲህ ያለ ነገር የላትም። ስለዚህ የሜሪላንድ ሰው የነገረሽን የሆስፒታል ዋጋ ይዘሽ አሌክሳንድርያ ብትከራከሪ አይሆንም። ኔትወርካችሁ ወንዙን ከተሻገረ ግን እዚያም ዋጋ መጠየቁ አይጎዳም።

«መደራደር ይቻላል?» ላልሽው፦ ኢንሹራንስ ስትጠቀሚ ዋጋው ቀድሞ የተዋዋሉበት ስለሆነ «ቀንሱልን» ማለት ብዙ አያስኬድም። የሚያስኬዱ ሁለት መንገዶች አሉ።

አንዱ የገንዘብ እርዳታ ማመልከቻ ነው። ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች የጽሑፍ የእርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ብዙዎቹ ደንቡን ኢንሹራንስ ላለውም ይሠሩበታል። የሚለኩት በድህነት መስመር ነው። በ2025 ለ4 ሰው ቤተሰብ መስመሩ 32,150 ዶላር ነበር። የዚህን ሁለት እጥፍ፣ ከዚያም በላይ ገቢ ያለውን የሚረዱ ሆስፒታሎች አሉ። የኡበር ገቢ ደግሞ የሚቆጠረው ቤንዚኑና የመኪናው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ ነው፤ የታክስ ወረቀታችሁን አያይዙ። ቢል ከመጣም በኋላ ቢሆን ከመጀመሪያው ቢል ቀን አንስቶ ለማመልከት 240 ቀን አላችሁ። ማፈር አያስፈልግም። ሆስፒታሉ ከግብር ነፃ የሆነው ይህንን ሊሠራ ነው።

ሌላው በካሽ መክፈል ነው። አንዳንድ የግል ቢሮዎች «ኢንሹራንሳችሁን ካልነካን ይህን ያህል» የሚሉት ዋጋ ከኢንሹራንሱ ስምምነት ያነሰ ሆኖ ይገኛል። በዚህ መንገድ ከሄዳችሁ የዋጋ ግምት በጽሑፍ ጠይቁ። ከ2022 ጀምሮ ኢንሹራንስ የሌለው ወይም የማይጠቀም ሰው ይህን የማግኘት መብት አለው። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይቻላል። ጉዳቱ ግን በካሽ የከፈላችሁት ከ5,000ው ላይ አይቀነስም። ምርመራው መጥፎ ነገር ቢያሳይና ቀጣይ ሕክምና ቢመጣ ያ ገንዘብ የባከነ ያህል ነው። ባልሽ ምልክት ያለው ሰው ስለሆነ እኔ በኢንሹራንሱ እንዲሄድ ነው የምመርጠው።

ቅድሚያ ግማሹን ክፈሉ ያሉት ግምት ነው። በትህትና «ኢንሹራንሱ ካየው በኋላ ቢሉን ላኩልን» ማለት ይቻላል። ከምርመራው በኋላ ከኢንሹራንሱ ኢኦቢ የሚባል የሒሳብ መግለጫ ወረቀት ይመጣል። «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ተጽፎበታል። ከዚያ ቢሎቹ ይመጣሉ፤ ከአንድ በላይ ናቸው። አንዱ ከቦታው፣ አንዱ ምስሉን ካነበበው ሐኪም። ኢኦቢው ላይ ካለው «የእናንተ ድርሻ» ከሚለው ቁጥር ጋር ካልገጠሙ አትክፈሉ፤ ደውሉ። ኔትወርክ ውስጥ ባለ ሆስፒታል ተነስቶ ምስሉን ያነበበው ሐኪም ከኔትወርክ ውጭ ቢሆን ተጨማሪ ሊያስከፍላችሁ አይችልም፤ ይህም ከ2022 ጀምሮ የሚሠራው ሕግ ነው። ለመክፈል ጊዜ ካጠራችሁ ሆስፒታሉን ያለ ወለድ በወር በወር እንዲያደርግላችሁ ጠይቁ። የሕክምና ክሬዲት ካርድ እንሙላላችሁ ካሉ ተጠንቀቁ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ያለ ወለድ ናቸው፤ ቀኑ ካለፈ ግን ወለዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚቆጥሩ አሉ።

አሁን ቡና። ይህ ቀልድ የሚመስለው ሰው ገንዘብ ያወጣበታል። ለኒውክለሩ የሚወጋው መድኃኒት ካፌይን ካለ በደንብ አይሠራም። ከምርመራው በፊት አብዛኛው ቦታ 24 ሰዓት፣ አንዳንዱ 12 ሰዓት ቡና፣ ሻይ፣ ኮካ፣ ቸኮሌት፣ ካፌይን ያለበት የራስ ምታት ክኒንም ጭምር አትንኩ ይላል። «ዲካፍ ነው» ማለትም አይሠራም፤ ትንሽ አለበት። ጠዋት ከቤት ሲወጣ «አቦሉን ብቻ ነው የቀመስኩት» ቢል መልሰው ይልኩታል። ያ የጨረር ንጥረ ነገር ለዕለቱ ተብሎ የሚመጣና በሰዓታት ውስጥ ኃይሉ የሚያልቅ ስለሆነ አንዳንድ ቦታ ለባከነው ያስከፍላሉ። ስለዚህ የዋዜማው ዕለት ቤት ውስጥ ቡና አይፈላ። ሽታው ራሱ ያሸንፈዋል። የሚወስደው መድኃኒት ካለ ደግሞ የቱን ማቆም እንዳለበት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በራሱ እንዳያቆም።

ባልሽን ምን ትበይው? የአዲስ አበባው ሐሳብ ከዋጋ አንጻር እብደት አይደለም። የትሬድሚል ምርመራ እዚያ በግል ሆስፒታሎች ይሠራል፤ በዶላር ሲመነዘርም ይረክሳል። ግን ሁለት ነገር አልቆጠረም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አሌክሳንድርያ ደረጃ ሲወጣ የሚጨመድደው ደረት እዚያ ኦክስጅኑ ሲሳሳ ምን እንደሚል አይታወቅም። ረጅሙ በረራና ሻንጣ መጎተቱ ሳይረሳ። እኔ ብሆን ወደዚያ ከመሳፈሬ በፊት ነው የምመረመረው። ሐኪሙንም «በዲሴምበር መብረር እችላለሁ?» ብሎ ይጠይቀው።

ሁለተኛው ሒሳቡ ራሱ ነው። ዲዳክቲብል ጃንዋሪ 1 ላይ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ምርመራው አሁን ተነስቶ ውጤቱ ጥሩ ካልሆነ ተከታዩ ሕክምና እስከ ዲሴምበር 31 ካለቀ፣ አሁን የከፈላችሁት ይቆጠርላችኋል። አዲስ አበባ የከፈለውን ግን ኢንሹራንሱ አያውቀውም። እዚያ «ችግር አለ» ቢባል ካቴተር (በደም ሥር ወደ ልብ የሚገባ ቀጭን ቱቦ) የሚያስፈልገው ሰው ሆኖ ይመለስና በጃንዋሪ ከዜሮ ይጀምራል። «ልቆጥብ» ያለው ሰው በሁለት በኩል ይከፍላል ማለት ነው። ይህን በቁጥር አስቀምጪለት። ወንዶቻችን «ስለ ጤናህ» ሲባሉ ጆሮ ባይሰጡም በገንዘብ ሲመጣባቸው ይሰማሉ፤ ልምዴ ነው።

የዚህን ሳምንት ሥራ አንድ ቀን አስቀርቶ ይደውል፤ ወይም አንቺ ደውይ፣ እሱ አጠገብሽ ይቀመጥ። በእሱ ስም ስለሆነ ስልኩ ላይ «ባለቤቴ ትናገርልኝ» ብሎ ፈቃድ መስጠት አለበት።

አንድ የቀረ ነገር። የሚቀጥለው ዓመት ኢንሹራንስ መምረጫ ኖቬምበር 1 ይከፈታል። ብሮንዙን የመረጣችሁት ወርሃዊው ስላነሰ ይመስለኛል። ገቢያችሁ ከድህነት መስመሩ ሁለት ተኩል እጥፍ ካልበለጠ፣ ለ2026 ሽፋን ለ4 ሰው 80,375 ዶላር ማለት ነበር፣ ሲልቨር የሚባለውን ደረጃ ብትይዙ መንግሥት ዲዳክቲብሉንም ኮፔዩንም ዝቅ ያደርግላችኋል። ይህ ቅናሽ ብሮንዝ ላይ የለም። ገቢው ዝቅ ባለ ቁጥር ዲዳክቲብሉ ከ5,000 ወደ ጥቂት መቶ የሚወርድበት ጊዜ አለ። የቨርጂኒያ ማርኬትፕሌስ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ የራሱ የክፍለ ግዛቱ ነው፤ ድረ ገጹ ላይ የቤተሰቡን ገቢ ስታስገቡ ቅናሹ ካለ ያሳያችኋል። ሲልቨሮቹን ስታወዳድሩ ወርሃዊውን ብቻ አትዩ። የልብ ሐኪሙ ኔትወርኩ ውስጥ መኖሩንም በስሙ ፈልጉት።